እስኪቆሙ ድረስ «በእግዜር» አትበሉ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ያሳዩኝ የመጀመሪያ መሣሪያ ወንበር ነበር።

ወልድያ ነው። ከትምህርት ገና መውጣቴ ነው፤ ነጩ ጋወኔ የሱቅ እጥፋቱ እንኳ አልለቀቀውም። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ከግቢው ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነበር። ውስጡ ታካሚ መሀላቸው ገብቶ መራመድ የሚለማመድባቸው ሁለት ብረቶች፣ ግድግዳ ላይ የተመታ መሰላል፣ የአሸዋ ከረጢቶች፣ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ኳስና አልጋ ነበሩበት። በኳሱ የገዛሁት ያህል ኮርቼ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ፈንታ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ።

«አስካለ፣ ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንዱን ብቻ ይዘሽ ገጠር ውረጂ ብትባዪ የቱን ትወስጃለሽ?» አሉኝ።

ዓይኔ ኳሱ ላይ ነበር፤ አዋቂ ለመምሰል ግን «ብረቶቹን» አልኩ።

«ማን ይሸከምልሻል?» አሉና ከጠረጴዛቸው ኋላ የእጅ ማሳረፊያ የሌለው የእንጨት ወንበር ጎትተው ወለሉ መሀል አቆሙት። «ተቀመጪ። እጆችሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ። አሁን ተነሺ።»

ተነሳሁ።

«ተቀመጪ። እንደ ጆንያ ዱብ አትበዪ፤ ቀስ።»

ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ጭኔ ሥራ እንዳለበት ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ።

«ሰው እጁን ሳይደገፍ ከተነሳ መጸዳጃ ቤት ብቻውን ይሄዳል» አሉ አቶ ፈንታ። «መጸዳጃ ቤት ብቻውን የሚሄድ ሰው ደግሞ የሰው ፊት አያይም። ሥራችን ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ወደዚህ መምጫ መንገድ ነው።»

በልቤ «ለወንበር ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት?» አልኩ። አፌ ግን «እሺ ጋሼ» አለ።

ከዚያ በኋላ የወልድያና የአካባቢው ሰው በእጄ አልፏል። ጀርባው የያዘው ገበሬ፣ ትከሻው የተቆለፈ ሸማኔ፣ ግማሽ ጎኗን ምት የመታት እናት፣ አጥንቱ በወጌሻ ታሽቶ ጠምሞ የዳነ ወጣት። ሁሉም «ሲስተር» ይሉኛል። ነርስ አለመሆኔን ላስረዳ ሞክሬ ሞክሬ ተውኩት።

አንድ ቀን አንድ የቢሮ ሰው እያነከሰ መጣ። ቦርጩ ቀድሞት ነው የገባው። ሐኪም «እንቅስቃሴ አድርግ» ብሎት አዲስ የስፖርት ጫማ ገዛ፤ እሑድ ጠዋት ወደ መርሳ በሚወስደው አስፋልት ላይ እንደ ወጣት ሮጠና ጉልበቱን አሳብጦ ተመለሰ።

«ከቤትዎ ቢሮዎ ሩቅ ነው?» አልኩት።

«ኧረ እዚሁ ነው።»

«በምን ይሄዳሉ?»

«በባጃጅ ነዋ!»

«እንግዲያው ሩጫውን ይተዉትና መጀመሪያ ከባጃጁ ይውረዱ።»

አቶ ፈንታ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሰውየው ተቀይሞ ወጣ፤ ግን ወረደ። ከጊዜ በኋላ ጠዋትና ማታ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በእግሩ ሲሄድ አየው ጀመር። ሰውነት የዓመቱን በአንድ እሑድ አይቀበልም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከሰጡት ግን አይረሳም።

ምግብንም ከታካሚዎቼ ነው የተማርኩት። ከጉባ ላፍቶ የመጡ አንዲት እናት ጉልበታቸው ይከዳቸው ነበር። እንቅስቃሴውን አንድም ሳያጓድሉ ይሠራሉ፤ ለውጥ የለም። ግራ ሲገባኝ «ትናንት ምን በሉ?» አልኳቸው። ጾም ነበር። እንጀራ በአዋዜ፣ ማታም እንጀራ በአዋዜ። ጾሙን ሲጠብቁ ጡንቻቸውን አስርበውት ኖሯል።

«እንቁላል ብይ እንዳትይኝ» አሉ ቀድመው።

«ኧረ አልልም። ሽሮውን ወፈር ያድርጉት። ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው የት ሄዶ ነው? ንፍሮ ለልቅሶ ቤት ብቻ ነው ያለው ማነው?»

ሳቁ። ጡንቻ የሚሠራበትን ካላገኘ የፈለገ ቢንቀሳቀሱ አይሠራም። ከዚያ ወዲህ የታካሚን ጉልበት ከመንካቴ በፊት «ትናንት ምን በሉ?» እላለሁ። ወጣት ባለሙያዎች ሲስቁብኝ አያለሁ። ይሳቁ፤ ይደርሱበታል።

ከሁሉም ታካሚዎቼ ግን ልቤ ውስጥ የቀሩት አባ ይማም ናቸው።

ትውልዴ መርሳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወርጄ የወላጆቼን ቤት እከፍታለሁ፣ ሰንበቱን አሳልፌ እመለሳለሁ። አባ ይማም የሰፈራችን ሰው፣ የታወቁ የማንጎና የብርቱካን ነጋዴ ነበሩ። ሌላም የሚታወቁበት ነገር ነበራቸው፤ ሰው ሲገባ አነሳሳቸው። የዛሬ ልጆች እየረሳችሁት ስለሆነ ልንገራችሁ፦ በእኛ አገር ሰው ሲገባ የተቀመጠው «ኖር!» ብሎ ይነሳል፤ የገባው «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጠዋል። ብዙው ሰው መቀመጫውን ትንሽ ነቅነቅ አድርጎ ይተወዋል። አባ ይማም ግን ለሕፃን ሳይቀር ቀጥ ብለው ነበር የሚቆሙት።

ጦርነቱ በሰሜን በጀመረበት ዓመት መስኖ ዳር አንሸራትቷቸው ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰነጠቀ። ሐኪም አስተኛቸው። አጥንቱ ሲገጥም «ድነዋል፤ ይነሱ፣ ይራመዱ» ብሎ ወደ ቤት ላካቸው። ቤት ገቡና ተኙ።

ልጃቸው ሉባባ ወልድያ ድረስ መጣችብኝ። መንገድ ዳር ፍራፍሬ የምትሸጥ፣ ባሏ ሞቶባት ከሁለት ሕፃናት ልጆቿ ጋር አባቷ ቤት የምትኖር ሴት ናት። እናቷን በልጅነቷ ስላጣች አባቷ ለእሷ አባትም እናትም ናቸው።

«እትዬ አስካለ፣ አባዬ እየሟሙብኝ ነው» አለችኝ። «ወላሂ ምንም አላጓደልኩባቸውም። ከመደብ ወርደው አያውቁም። ውሃ እንኳ በእጃቸው አላስነሳቸውም።»

ቅዳሜ ስገባ ያየሁት ሁሉ ሉባባ እንዳለችው ነው። አባ ይማም መደቡ ላይ፣ በትራስ ተደግፈው፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ተጋድመዋል። ሉባባ አጥሚት በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። ከግድግዳው ሥር ጠያቂ ያመጣው ለስላሳና ብስኩት ተደርድሯል። ብርድ ልብሱን ገልጬ ጭናቸውን ስይዝ ክንዴን የያዝኩ መሰለኝ።

ይህ ስህተት የእኛ አገር ስህተት ነው። ክፉ ሰው አይሠራውም፤ የሚሠራው አባቱን አብዝቶ የሚወድ ልጅ ነው። ሽማግሌ ማክበር ማለት አለማስነሳት ይመስለናል። ውሃውን እናቀርባለን፣ ጫማውን እናጠልቃለን፣ ጉርሻውን አፉ እናደርሳለን፤ በአክብሮት ሽባ እናደርገዋለን።

እዚያው እያለሁ ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ ገቡ። የአባ ይማም እኩያ፣ ድምፃቸው ከራሳቸው ቀድሞ የሚገባ ሴት ናቸው። ገና ከደጃፉ፣ «አይነሱ! አይነሱ! በእግዜር! በማርያም አይነሱ!» አሉ። አባ ይማም ከመደቡ ሆነው እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው «ኖር» አሉ። ዓይናቸውን አየሁት። አፍረዋል።

አቶ ፈንታ ያስተማሩኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ታካሚን «ምንዎን አመመዎት?» ብቻ ሳይሆን «ምን ማድረግ ናፈቀዎት?» ብሎ መጠየቅ። ጠየቅኳቸው።

«ጁሙዓ መስጊድ በእግሬ መሄድ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ተኝቶ ኖር ማለት ምን ያደርጋል ልጄ? የውሸት ነው።»

የሥራው መጀመሪያ አልተሳካልኝም። ወንበሩን አምጥቼ፣ ቁመቱን በታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ አድርጌ፣ ተነሱ ተቀመጡ እያልኩ አስቆጠርኳቸው። «እንደ ቁርአን ተማሪ አታስቆጥሪኝ» አሉ። በሳምንቱ ስመለስ ብርድ ልብሱ ተመልሶ የሉባባ አልጋ ላይ ነበር።

«ደከማቸው» አለችኝ ሉባባ። «ፊታቸው ሲጠቁር ማየት አልቻልኩም።»

ተናደድኩ። ስናደድ ግን ሐሳብ ይመጣልኛል። ውጭ ወጥቼ የእትዬ ብርቄን በር አንኳኳሁ።

«እትዬ ብርቄ፣ ዛሬ አባ ይማምን ሲጠይቁ እስኪቆሙ ድረስ በእግዜር እንዳይሉ።»

«ምን አልሽ?»

«ዝም ብለው ይቁሙ። በደንብ ሲነሱ ያን ጊዜ ይበሉ።»

«አንቺ ልጅ ምን ነካሽ? የታመመ ሽማግሌ ለእኔ ሲነሳ ቆሜ ልይ? እናቴ ባለጌ አላሳደገችም!»

«ለእሳቸው ሲሉ ዛሬ አንድ ቀን ባለጌ ይሁኑልኝ።»

እያጉተመተሙ መጡ። አባ ይማምን ቀድሜ ወንበሩ ላይ አስቀምጫቸው ነበር። እትዬ ብርቄ ገቡና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አባ ይማም «ኖር» ብለው እጃቸውን አነሱ፤ በእግዜር የሚል ጠፋ። ዙሪያውን አዩ። ፊታቸው ግራ ተጋባ። የቆመ እንግዳ አለ፣ የሚያስቀምጣቸው የለም። እሳቸው ደግሞ ሰው አቁሞ መቀመጥ አያውቁበትም።

«እግርዎን ወደ ኋላ ይሳቡ» አልኳቸው ቀስ ብዬ። «ወደ ፊት ዘንበል። አፍንጫዎ ከእግርዎ ጣት በላይ ይምጣ። አሁን መሬቱን ይግፉት።»

ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ሉባባ ልትይዛቸው ስትል ክንዷን ያዝኳት። ተነሱ። ቀጥ አሉ። «ኖር!» አሉ፤ የዚህኛው ድምፅ ሌላ ነበር።

«በእግዜር! በእግዜር! በእግዜር! ኧረ በሚካኤል!» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ያፈኑትን ሁሉ በአንድ ጊዜ። ከዚያ ዞረውብኝ፣ «አንቺ ጨካኝ!» አሉና አቅፈውኝ አለቀሱ።

ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉን ሰማ። እስላሙም ክርስቲያኑም አባ ይማም ቤት ሲገባ ባለጌ ሆነ። «በአላህ» የሚሉትም «በእግዜር» የሚሉትም ምላሳቸውን ነክሰው ይጠብቃሉ። አንድ ሼህ መጀመሪያ አስቀይሟቸው «ይህ አደብ ነው?» ብለው ነበር፤ አባ ይማም ሲቆሙ አይተው «ሱብሐነላህ» አሉ። የሉባባ ልጆች ጨዋታውን ሲረዱት በጓሮ እየወጡ በፊት ለፊት መግባት ጀመሩ። አባ ይማም ለእነሱም ይነሱ ነበር። ማንም አልቆጠረም፤ እኔም አልቆጠርኩም።

ብርድ ልብሱን በየጊዜው አንድ እጥፋት እቀንስ ነበር፤ ወንበሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ጭን ይበልጥ ይሠራል። ቀጥሎ የበሩን መቃን ይዘው ተረከዝ ማንሳት፣ ደፉን ወጣ ወረድ ማለት፣ በምርኩዝ እስከ ጎረቤት ግንብ። እንቁላል ያላት ጠያቂ እንቁላል፣ ወተት ያላት ወተት እንድታመጣ እትዬ ብርቄ አወጁ። «ለስላሳ ይዞ የመጣ ራሱ ይጠጣው» አሉ። ሉባባን ማሳመን ግን ከባድ ነበር።

«ጥርስ የላቸውም እኮ። አጥሚት ካልሆነ በምን ያኝኩታል?»

«ባቄላውን አብስለሽ ደፍጥጪው። ሽሮ በፍትፍት አድርጊ። እንቁላል ጥርስ ይፈልጋል?»

«ከእኛ ጋር እንዲበሉ ነው የምትዪኝ?»

«ከእናንተ ጋር። በራሳቸው እጅ።»

የመጀመሪያውን ቀን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። ሉባባ ወደ ጓዳ ሮጣ ገባች፤ ስታለቅስ ሰማኋት። አባ ይማም ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አጥሚቱ ሰልችቶኝ ነበር፤ እሷ ታዝናለች ብዬ ነው» አሉኝ።

ከዚያ አንድ ጁሙዓ ስልኬ ጮኸ። ሉባባ ናት። «ሄዱ! በእግራቸው! መስጊድ ገቡ!» ከወዲያ የሰው ድምፅና እልልታ ይሰማል። ክፍሉ ውስጥ ታካሚ ነበረኝ፤ አፍሬ ወደ መስኮቱ ዞርኩና ዓይኔን በጋወኔ ጠረግኩ።

ጦርነቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በክረምቱ ከቆቦ በኩል የሸሸ ሰው ወልድያን ሞላት። የከባድ መሣሪያው ድምፅ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነበር፤ ኋላ ላይ ሕፃናት እንኳ ዝናብ አለመሆኑን ለዩት። ክፍላችን ተዘጋ። እኔም በመጨረሻ ባገኘሁት መኪና፣ ቆሜ፣ መርሳ ወረድኩ።

ሰፈሩ በግማሽ ባዶ ነበር። የሉባባ ቤት በር ክፍት ነው። እሷ ቅል ይዛ ቆማለች፤ ምን እንደምታደርግበት የምታውቅ አትመስልም።

«መኪና የለም» አለችኝ። «ሰው በእግሩ ወደ ውርጌሳ እየሄደ ነው። ከዚያ መኪና ይገኛል ይላሉ።»

«እናንተስ?»

«አባዬን ጥዬ የትም አልሄድም። ልጆቼን አንቺ ይዘሽልኝ ሂጂ።»

አባ ይማም ከወንበራቸው ሆነው፣ «ሁላችሁም ሂዱ። እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ» አሉ። ሉባባ አባቷን አትተውም፤ ልጆቹ ደግሞ እናታቸውን አይለቁም፤ ቀሚሷን ጨብጠዋል። የአራት ሰው ነፍስ በአንድ ሽማግሌ ሁለት እግሮች ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት።

«አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለችኝ ሉባባ። «ይደርሳሉ? እውነቱን ንገሪኝ።»

መስጊድ ደርሰው ሲመለሱ ነው የማውቃቸው። ውርጌሳ ሌላ ነው። «አላውቅም» አልኳት። «አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ሰው የሚቀረው ስለተቀመጠ አይደለም፤ መነሳት ስላቃተው ነው። እሳቸው መነሳት ያውቃሉ።»

ሉባባ አባቷን አየች። አባ ይማም ምርኩዛቸውን አነሱ። «ቢስሚላህ በይ እንጂ» አሏት።

በማለዳ ወጣን። በሶ በውሃ በጥብጠን በጀሪካን ያዝን፤ ለረጅም መንገድ እንደ በሶ ያለ አላውቅም፤ ጥርስም አይፈልግ፣ እሳትም አይፈልግ። እትዬ ብርቄ ከዘመዶቻቸውና ከአህያቸው ጋር ቀድመውን ሄዱ። እኔ ሥራዬን ያዝኩ፦ ሳይደክማቸው በፊት ማሳረፍ፣ በሶውን ትንሽ ትንሽ ማስጎንጨት፣ ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም የድልድይ ግንብ መምረጥ። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ነው። በየግንቡ ላይ ተቀመጡ፣ በየግንቡ ላይ ተነሱ።

ፀሐይ ስትበረታ ትንሹ ልጅ አስታወከውና ሉባባና እኔ ወደሱ ዞርን። ቀና ስል አባ ይማም አንድ ግራር ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ ያላለ የዛፉ ሥር ላይ ተቀምጠዋል።

ሞከርን። እግርዎን ይሳቡ፣ ዘንበል ይበሉ፣ ይግፉ። ጭናቸው ተንቀጥቅጦ ተወው። ሉባባና እኔ በብብታቸው ገብተን አነሳናቸው፤ ጉልበታቸው ታጥፎ መልሰው ተቀመጡ። የሚያልፈውን ሰው እርዳታ ጠየቅኩ፤ አንዱ እናቱን አዝሏል፣ ሌላው ልጅ በትከሻው፣ ልጅ በእጁ። ማንን ልውቀስ?

«በቃኝ ልጄ» አሉ አባ ይማም። ምርኩዛቸውን ጎናቸው አጋደሙት። «እናንተ ሂዱ። አላህ አለ።»

ሉባባ ጓዟን አወረደችና አጠገባቸው ዘርፈጥ አለች። «እንግዲያው እኔም ተቀምጫለሁ።» ልጆቹም ተቀመጡ። ከኋላችን የመሣሪያው ድምፅ ቀርቧል። እኔ ቆሜያለሁ። በዚያን ሰዓት የማውቀው ሙያ ሁሉ አልቆብኝ ነበር፤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ከፊት፣ ሰው ሁሉ ወደሚሄድበት ጀርባዋን ሰጥታ አንዲት ሴት ስትመጣ አየሁ። እትዬ ብርቄ ናቸው። ዞር ብለው ሲያጡን አህያውን ለዘመድ ሰጥተው ተመለሱ። ምንም አልጠየቁ። አባ ይማምን አዩ፣ ሉባባን አዩ። ከዚያ ግራሩ ፊት፣ ደጃፍ ላይ እንደሚቆም ሰው ቆሙና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንደምን ዋላችሁ ቤቶች!» አሉ።

አባ ይማም ቀና አሉ። እጃቸው ከልምድ ተነሳ። «ኖር» አሉ፣ በደከመ ድምፅ።

እትዬ ብርቄ ዝም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እንባቸው በነጠላው ላይ ይወርዳል፤ ከንፈራቸው ግን አልተንቀሳቀሰም።

አባ ይማም ጠበቁ። የሚያስቀምጣቸው የለም። «ብርቄ፣ ዛሬም?» አሉ።

«ዛሬም» አሉ እትዬ ብርቄ።

አባ ይማም ምርኩዛቸውን አነሱ። ሳላዝዛቸው እግራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ዘንበል አሉ። ሉባባ ዘልላ ልትይዛቸው ስትል ያዝኳት፤ ከዚያ ለቀቅኳት፣ እሷ ግን ራሷን ገታች። ከዚያ ዝቅ ያለ ሥር ላይ ሰውየው እንደ ድሮው፣ ቀስ እያሉ፣ እስከ መጨረሻው ተነሱ።

«ኖር!»

እትዬ ብርቄ «በእግዜር» አላሉም። «ከተነሱ አይቀር ይሸኙኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ውርጌሳ አዙረው መሄድ ጀመሩ። እንግዳን ተቀምጦ የሚሸኝ ሰው የለም። አባ ይማም ተከተሏቸው። ከዚያ በኋላ በየግንቡ ባረፍን ቁጥር እትዬ ብርቄ መጥተው ፊታቸው ይቆማሉ፤ እሳቸውም ይነሳሉ። «እዚህ ይብቃዎት፣ ይመለሱ» ሳይሏቸው ውርጌሳ ድረስ ተሸኙ።

ውርጌሳ ላይ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እትዬ ብርቄና እኔ እነሱን እንደምንም አሳፈርን፤ እትዬ ብርቄ ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ፣ እኔ በሌላ መኪና ተሳፈርኩ። ተለያየን። የሉባባ ስልክ ከዚያ በኋላ አልሠራም። ለወራት በሰው ቤት ስኖር የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ መጠለያ ውስጥ ምን ይበላሉ? ማን ያስነሳቸዋል? ሽማግሌ በተኛ ቁጥር ምን እንደሚያጣ አውቃለሁ። ሙያ አንዳንዴ እንቅልፍ ይነሳል።

ጦርነቱ ከአካባቢያችን ርቆ ስንመለስ ወልድያ የምሠራበት ክፍል ባዶውን ቀርቶ ነበር። ብረቶቹ የሉም፣ ኳሱ የለም፣ አልጋው የለም። ግቢው ውስጥ ስንዞር የአቶ ፈንታን ወንበር ልብስ ማጠቢያው ኋላ አገኘነው፤ አንድ እግሩ ላልቷል እንጂ ደህና ነው። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በምስማር አጠናከርኩትና መሀል ወለሉ ላይ አቆምኩት። ሥራ ጀመርን።

ቅዳሜውን መርሳ ወረድኩ። የሉባባ ቤት በር ተነቅሎ በቆርቆሮ ተተክቷል። ጭስ ይታያል። ሰው አለ ማለት ነው። ቆርቆሮው ጋ ስደርስ ቆምኩ። አባ ይማምን መደብ ላይ ተጋድመው እንዳላያቸው ፈራሁ፤ ጨርሶ እንዳላያቸውም ፈራሁ።

ገፋሁት።

አባ ይማም ግድግዳው ሥር ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ጉንጫቸው ገብቷል። እኔን ሲያዩ ምርኩዝ አልፈለጉም። እግራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ዘንበል አሉ፣ ተነሱ። ከዚያች ዱካ ላይ፣ እጃቸውን ሳይደገፉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኖር!»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እንባዬ ብቻ ወረደ። ሉባባ ከጓዳ ብቅ ብላ ስታየኝ እሷም እዚያው ቀረች። አባ ይማም ቆመው ይጠብቃሉ፤ እኔ አለቅሳለሁ።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ይህን ያህል አስተምረሽን ራስሽ ረሳሽው እንዴ? ቆሜያለሁ እኮ። በእግዜር በይኝና ልቀመጥ።»

ይህን የምጽፈው አሁን ጡረታ ወጥቼ፣ የራሴም ጉልበት መንጫጫት ጀምሮ ነው። ሙያውን ለምትረከቡት ልጆች ያለኝ ምክር ይህ ነው። በየቀኑ በእግራችሁ ሂዱ። ሽሯችሁን ወፈር አድርጉ። ሽማግሌያችሁ በራሱ እጅ ይብላ። ሰው ሲገባ እስከ መጨረሻው ተነሱ።